ለወፎች ከጥሬ በፊት ውሃና ቁጥቋጦ

አሜሪካ ውስጥ የወፍ መኖ በሚሸጥባቸው መደብሮች ዋጋቸው ውድ ከሆኑት ጥሬዎች አንዱ የእኛው ኑግ ነው። ከኢትዮጵያና ከህንድ በመርከብ ተጭኖ ይሄዳል፤ አብሮት ሊገባ የሚችል የአረም ዘር እዚያ እንዳይበቅል በከፍተኛ ሙቀት ይታመሳል፤ ከዚያም ቀጫጭን ቀዳዳ ባለው ቱቦ ተሞልቶ በየጓሮው ይሰቀላል። ጎልድፊንች የሚባሉት ትናንሽ ቢጫ ወፎች በጣም ይወዱታል። በዋሽንግተን አቅራቢያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በጎረቤቱ ጓሮ ተንጠልጥሎ የሚያየው ጥቁር ጥሬ ምናልባት ከጎጃም ወይም ከወለጋ ማሳ የተነሳ ይሆናል። ንግዱን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም፤ ለገበሬውም ለአገርም ገቢ ነው። የምከራከረው ወፍ ወደ ግቢ የሚመጣው በገንዘብ ነው፣ መመገቢያ ተገዝቶና ጥሬ ተበትኖ ነው ከሚለው ሐሳብ ጋር ነው። ይህ ሐሳብ ለእኛ አገር፣ በተለይ ለደጋ ከተሞቻችን፣ ውድም የማይስማማም ነው። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር ወይም ደሴ ላይ ግቢ ያለው ሰው ወፎችን ለመሳብ የሚያስፈልጉት ጥልቀት የሌለው የውሃ ሳህን፣ ሁለት ሦስት የአገር ተክሎች፣ ከዚያም መጥረጊያውን፣ መቀሱንና የመርዝ ጠርሙሱን ትንሽ ማሳረፍ ናቸው። ሦስቱም ከጥሬ ይረክሳሉ፤ ሦስቱም ከጥሬ የበለጠ ወፍ ያመጣሉ።

ወፍ በመመገብ ረጅም ልምድ ያላቸው አገሮች ያዩትን ማየት ይጠቅመናል። ብሪታንያ ውስጥ በክረምት መሬቱ በውርጭ ሲደርቅና ቀኑ ሲያጥር ለትናንሽ ወፎች ጥሬ ማስቀመጥ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ልማዱ ሥር የሰደደው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያም ቢሆን ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ትሪኮሞኖሲስ የሚባል የጉሮሮ በሽታ ግሪንፊንች በሚባሉት ወፎች ላይ ተዛመተ። የታመመው ወፍ መዋጥ ስለሚያቅተው ያነሳውን ጥሬ እዚያው መመገቢያው ላይ ይተፋዋል፤ ተከታዩ ያነሳዋል። የወፉ ቁጥር ክፉኛ በማሽቆልቆሉ እ.ኤ.አ. በ2021 በአገሪቱ ለአደጋ የተጋለጡ ወፎች ቀይ መዝገብ ውስጥ ገባ። አሜሪካም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 በዋሽንግተን አካባቢ ሃውስ ፊንች በሚባሉ ወፎች ላይ የታየው ዓይን የሚያሳብጥ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱን ምሥራቃዊ ክፍል አዳረሰ፤ ብዙ ወፍ በአንድ ጠባብ ቦታ የሚሰበሰብባቸው መመገቢያዎችም ለመተላለፉ መንገድ ሆነዋል። ይህን የማነሳው መመገቢያ ሁሉ ወንጀል ነው ለማለት አይደለም። በንጽሕና የሚይዘው ሰው ብዙ ጉዳት አያደርስም። ግን ገንዘብ ወጥቶበት፣ በየሳምንቱ ታጥቦ፣ ያውም አደጋ ያለበትን ነገር መጀመሪያ ላይ የምናስቀምጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ለክርክሬ ዋናውን ማስረጃ የማገኘው ከዚያው ከዋሽንግተን ከተማ ግቢዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ቺካዲ የተባለችውን ትንሽ ወፍ በመኖሪያ ግቢዎች ውስጥ ተከታትሎ፣ ከግቢው ዕፅዋት ቢያንስ 70 በመቶ ያህሉ የዚያው አገር ተክል ካልሆነ ወፏ ራሷን የሚተካ ዘር ማትረፍ እንደማትችል አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ያደጉት ወፎች ጥሬ ቢበሉም ጫጩት የሚያድገው በአመዛኙ በትል ነው፤ ቺካዲ አንድ ጊዜ የፈለፈለቻቸውን ጫጩቶች ለማድረስ ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ያስፈልጋታል። አባጨጓሬው ደግሞ ከትውልድ ትውልድ አብሮት የኖረውን ተክል እንጂ ከሌላ አህጉር ለጌጥ የመጣውን ቅጠል በአብዛኛው አይበላም። ስለዚህ ግቢው በባዕድ ጌጠኛ ተክል ተሞልቶ መመገቢያው ጢም ብሎ ቢሰቀል ወፉ ይመጣል፣ ይበላል፣ ጎጆም ይሠራል፤ ጫጩቶቹ ግን ይጎድላሉ። የወፉ ዓይነት ይለያይ እንጂ ይህ እውነት ለእኛም ይሠራል። ጎጆ በመሸመን የሚታወቁት ወፎች ራሳቸው ጥሬ እየበሉ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በአብዛኛው በነፍሳት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ እንግባ። ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች የሚገኙባት አገር ናት፤ ከእነዚህ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙት እንኳ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ። ጠዋትና ማታ በጣራ ላይ እየጮኸ የሚያልፈው ጋጋኖ አንዱ ነው። በጽድና በሾላ ዛፍ ላይ በቡድን የምትሰፍረው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን ሌላዋ ናት። በየቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ የምናያት አንገቷ ላይ ነጭ ያላት እርግብም እንዲሁ። የሌላ አገር ሰው ብዙ ሺህ ብር አውጥቶ ሊያያቸው የሚመጣቸው ወፎች እኛ ቁርስ በምንበላበት ሰዓት ከአጥራችን ላይ ያርፋሉ። የደጋው አየር ደግሞ ጥሬ እንዲጠፋ የሚያደርግ በረዶ የለውም። ከክረምት በኋላ መንገድ ዳር የበቀለው ሣር ሁሉ ፍሬ ይይዛል፤ ለጥሬ በል ወፍ የምግብ እጥረት የሚሆንበት ጊዜ አጭር ነው። የሚያጥረው ሌላ ነገር ነው። ከኅዳር በኋላ ዝናቡ ይቆማል፣ ወንዞቻችን በከተማው ውስጥ ሲያልፉ ይቆሽሻሉ፣ ቦዩ ይከደናል። ጥሬ ደረቅ ስለሆነ ያንን የሚበላ ወፍ በየቀኑ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ላባውን ለማጽዳትም መታጠብ አለበት። በበጋ ንጹሕ ውሃ ያለበት ግቢ በአካባቢው ያሉትን ጥሬ በሎች ሁሉ ይስባል ማለት ነው።

ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጠርዙ የተሸረፈ የሸክላ ሳህን፣ አሮጌ ትሪ ወይም የአበባ ማሰሮ ማስቀመጫ ይበቃል። ዋናው ነገር ጥልቀቱ ነው፤ ከሦስትና ከአራት ጣት እንዳይበልጥ፣ ጠርዙ ላይ ከዚያም እንዲያንስ። ትናንሾቹ ወፎች ሸርተት ብለው እንዳይሰምጡ መሐሉ ላይ ሸካራ ድንጋይ ይቀመጣል። ሳህኑ ከቁጥቋጦ ሁለት ሜትር ያህል ቢርቅ ድመት ተደብቃ አትደርስባቸውም፤ እጅግ ቢርቅ ደግሞ ጭልፊት ሲመጣ የሚሸሹበት ያጣሉ። ውሃው በየቀኑ ይደፋል፣ ሳህኑ ይታሻል፣ አዲስ ይሞላል። የሚደፋው ውሃ ለጎመኑ ወይም ለአበባው ስለሚሆን የሚባክን የለም። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር እንኳ አትክልት የታጠበበት፣ ሳሙና ያልነካው ውሃ ለዚህ ይበቃል።

ከውሃ ቀጥሎ ተክል ነው፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም የአገራችን ሀብት የሚታየው እዚህ ነው። ሳይንስ በተከዜ ወንዝ ስም የሰየማት፣ ወንዷ በፀሐይ ሲታይ ሐምራዊና ወርቅማ የሚያንጸባርቀው አበባ ቀሳሚ ወፍ በአዲስ አበባ ግቢዎች የተለመደች ናት። አንዳንድ ሰው እሷን ለመሳብ ስኳር በጥብጦ ይሰቅላል። ስኳሩ ውድ ነው፣ ብጥብጡ በሁለት ቀን ይቦካል፣ ሻጋታም ያወጣል። በእሱ ፋንታ አንድ ሬት፣ አንድ ራስ ክምር፣ አጥር ላይ ደግሞ አንድ ኮርች ቢኖር ጉዳዩ ያልቃል። የራስ ክምር ብርቱካንማ አበባ ለቀጭንና ለተጠማዘዘ ምንቃሯ የተሰፋ ይመስላል፤ የኮርች ቀይ አበባም በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የሚደርስ ነው። ፍሬ ለሚበሉት ወይራ፣ ዋንዛ፣ ሾላ፣ ቀጋና አጋም አሉ። ሾላና ዋንዛ ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ቀጋና አጋም ግን እሾሃማ አጥር ሆነው ሌባንም ይከላከላሉ፣ ፍሬም ይሰጣሉ፣ ድመት የማትደርስበት ጎጆ መሥሪያም ይሆናሉ። ግራዋ በየጓሮው አለ፤ ቅጠሉን ለጠላ ዕቃ ማጠቢያ ከመቁረጥ አልፈን አንዱን ቅርንጫፍ እንዲያብብ ብንተወው ንብ፣ ከንብ በኋላም ነፍሳት የሚለቅም ወፍ ይመጣበታል። ጥሬ በሎቹን ለመጥቀም ለሚሻ ሰው ደግሞ ያልተቆላ ኑግ በአንድ እፍኝ ከገበያ ገዝቶ በሐምሌ አንድ ካሬ ሜትር ላይ መዝራት እንደ መመገቢያ የሚያገለግል ነገር ነው። በጥቅምት ቢጫ ሆኖ ያብባል፣ ንቦች ይሰፍሩበታል፣ ሲደርቅ ሳይታጨድ ቢተው ወፎቹ ከአናቱ ላይ ራሳቸው ይለቅሙታል። ማንም አያጥበው፣ ማንም አይሞላው፤ ወፎቹም እንደ ቱቦው አንድ ቀዳዳ ላይ አይተፋፈጉም።

ሁሉም ባዕድ ተክል ጥቅም የለውም ብዬ ግን አልከራከርም። ከአውስትራሊያ የመጣው ቀይ የብሩሽ ቅርጽ አበባ ያለው ቦትል ብራሽ አበባ ቀሳሚዎችን በሚገባ ይመግባል፤ ባሕር ዛፍም ሲያብብ እንዲሁ። ያለውን መንቀል አያስፈልግም። ነገር ግን ቅጠላቸውን የሚበላ የአገር ትል ጥቂት ስለሆነ ለጫጩት የሚሆን የለባቸውም። ለአዲስ ተከላ ገንዘብና ጉድጓድ ሲወጣ ሁለቱንም የሚሰጠውን መምረጥ ይሻላል ነው የምለው።

ሦስተኛው ነገር ምንም ወጪ የለውም፣ ግን ለብዙዎቻችን ከሁሉ የሚከብድ እሱ ነው። ግቢ ሲጠረግ ከቁጥቋጦ ሥር ያለው ደረቅ ቅጠል አብሮ ተጠርጎ ይቃጠላል። ሆዷ ብርቱካንማ የሆነችው የደጋ ወፍ ትል የምትፈልገው ያንን ቅጠል እየገለባበጠች ነው፤ ቅጠሉ ሲቃጠል የምትመጣበት ምክንያት ያበቃል። ሣሩ ለመስከረም በዓላት ሙሉ በሙሉ ሲታጨድ፣ በከተማ ዳርቻ ባሉ ግቢዎች የመስቀል ወፍ ከምንላቸው መካከል ጥቁርና ቀይ ወይም ጥቁርና ቢጫ የሚለብሱት ወፎች ልክ ባጌጡበት ወር ዘር የሚለቅሙበትን ያጣሉ። እነዚህ ወፎች በሌላው ወር የሉም የምንለው ቡናማ ላባ ለብሰው ስለማንለያቸው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ምግብ ይፈልጋሉ። አንድ ጥግ እስከ ታኅሣሥ ሳይታጨድ ቢቆይ ለቤቱ መልክ ጉዳት የለውም። ከሁሉ የከፋው ግን መርዝ ነው። ለበረሮና ለአባጨጓሬ የሚረጨው ፀረ ተባይ የጫጩቱን ምግብ ያጠፋል ወይም ይመርዛል፤ ለአይጥ የሚቀመጠው መርዝ ደግሞ አይጧን የበላውን ጉጉት ይገድላል። ጉጉትን በገደ ቢስነት የሚፈራ ብዙ ነው፤ አይጥን በነጻ የሚያድን ከእሱ የተሻለ ግን በሰፈሩ የለም።

ምግብ መስጠት አለብኝ ለሚል ሰው የቤት ትርፍራፊ ይበቃዋል፣ ጥቂት ነገር ብቻ ይጠንቀቅ። በጣም የበሰለ ሙዝ ወይም ፓፓያ ቅርንጫፍ ላይ ቢሰካ ጅራታቸው የረዘመ፣ አናታቸው ላይ ቁንጮ ያላቸው ቡናማ ወፎችና ጭንቅላቱ የጠቆረው የማለዳ ዘማሪ ወዲያው ያገኙታል። ደረቅ እንጀራ በጥቂቱ ቢፈረፈር ድንቢጥና እርግብ ያነሱታል። ወጥ የነካው ግን አይሰጥ፤ ወፎች የበርበሬው ማቃጠል አይሰማቸውም፣ የሚጎዳቸው ጨዉ ነው። የሻገተ ነገርና አቮካዶም አይሰጥ፤ አቮካዶ ለብዙ ወፎች መርዝ ነው። ያልተበላው ከመጨለሙ በፊት ይነሳ፣ አለዚያ የሚጠራው አይጥ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው፤ ሰው እህል ባጣበት አገር ለወፍ ማሰብ ቅንጦት ነው ይባላል። ጤፍና ስንዴ ለወፍ ይበተን የሚል ካለ እኔም ከተቃዋሚው ጋር እቆማለሁ። እዚህ የተባለው ግን ከማንም አፍ አይነጥቅም። እንዲያውም ሒሳቡ ወደ ሰውየው ያደላል፤ ጎመን ላይ የሚወጣውን አባጨጓሬ ለጫጩቱ የሚለቅም ወፍ ባለበት ጓሮ የፀረ ተባይ ወጪው ይቀንሳል። ወፍ የገበሬ ጠላት ነው የሚለውም እውነት የሚሆነው ስለ ግሪሳ ሲነገር ነው። ግሪሳ በቆላና በስምጥ ሸለቆ ማሳዎች ላይ በብዙ ሺህ፣ አንዳንዴም በሚሊዮን ሆኖ ይወርዳል፤ አንዱ በቀን 10 ግራም ያህል ይበላል፣ መንጋው ግን ማሽላውን ባዶ ያስቀራል፣ ስለዚህም በአውሮፕላን መርዝ ይረጭበታል። የዚያ ገበሬ ምሬት ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ወፍ በደጋ ከተማ ግቢ ያለ የውሃ ሳህን የሚጠራው አይደለም፤ የአንዱን ዝርያ ጥፋት በ850ዎቹ ሁሉ ላይ መጫን አግባብ አይደለም። ፍራፍሬ ያለው ሰው አንዳንድ ጉዳት እንደሚደርስበት ግን ልደብቅ አልፈልግም። ኮክና ፓፓያ ይነካበታል። የሚወደውን ዘለላ በአሮጌ ጨርቅ ወይም በመረብ መሸፈን መፍትሔው ነው፤ ዛፉን በሙሉ መጠበቅ ከተፈለገ ግን ወፍ መጥራቱና ፍሬ መሸጡ በአንድ ግቢ እንደማይስማሙ አምኖ መምረጥ ይገባል።

የጤና ጥያቄዎቹ በቁም ነገር መታየት ያለባቸው ናቸው። ዶሮ የሚያረባ ሰው ፈንግል ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ አንድ ቤት ሲገባ ሰፈሩን ያዳርሳል። የዱር ወፍና የቤት ዶሮ ከአንድ ዕቃ መጠጣት የለባቸውም። የዶሮው መኖና ውሃ ከጣራ ሥር፣ የወፉ ሳህን ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ይህን ማድረግ የማይችል ጠባብ ግቢ ያለው ሰው ሳህኑን ትቶ በተክሉ ብቻ ይቆይ። ሁለተኛው ጥያቄ ትንኝ ነው። የወባ ትንኝ አዲስ አበባን በመሰለው ከፍታ ብዙም አያሰጋም፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ መኖሯ የተረጋገጠው፣ ከእስያ የመጣችው የወባ ትንኝ የምትራባው በከተማ፣ በበርሜልና በማጠራቀሚያ ውሃ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ አስነስታለች። ስለዚህ በሞቃታማ ከተሞች ውሃውን በየቀኑ መድፋት የውዴታ ጉዳይ አይሆንም። ከእንቁላል ወጥታ ለመብረር ቢያንስ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚያስፈልጋት በየቀኑ የሚደፋ ሳህን ትንኝ አያፈራም፤ የተረሳ ሳህን ግን ያፈራል። ለመድፋት ቃል መግባት የማይችል ሰው ባያስቀምጥ ይሻላል። ድመትን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ እንደሚገድሉ ተገምቷል፤ ማታና ንጋት ላይ ድመቷን ቤት ውስጥ ማቆየት ብዙ ነፍስ ያተርፋል። ወንጭፍ የያዘውን ልጅ ደግሞ ወላጁ ይቁም ይበለው።

በመጨረሻ የሚነሳው፣ ግቢ የሌለውስ የሚለው ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የከተማው ሕዝብ አብዛኛው ተከራይ ወይም የጋራ መኖሪያ ነዋሪ ነውና። ሰገነት ላይ በማሰሮ የተተከለ ሬትና አንዲት ሳህን አበባ ቀሳሚን እስከ አራተኛ ፎቅ ሊያመጡ ይችላሉ። ትልቁ ዕድል ግን በሕንጻዎቹ መካከል ያለው የጋራ መሬት ነው። ብዙ ቦታ ይህ መሬት ወይ በሲሚንቶ ይሞላል ወይ ባዶ አቧራ ሆኖ ይቀራል፤ የግል ግቢዎችም ቢሆኑ ከዳር እስከ ዳር ንጣፍ እየለበሱ ነው። ንጣፍ በካሬ ሜትር ይከፈልበታል፣ የዝናብ ውሃም ወደ መሬት እንዳይሰርግ ያደርጋል። ከአጥሩ ሥር አንድ ሜትር ስፋት ያለው አፈር ሳይነጠፍ መተው ግን የሚቀንሰው ወጪ ነው፣ ለኮርችና ለቀጋም ይበቃል። ኮርች ችግኝ እንኳ አይጠይቅም፤ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ ተቆርጦ ዝናብ ሲጀምር መሬት ውስጥ ቢሰካ ሕያው አጥር ሆኖ ይይዛል። ሬትም ከእናቱ ሥር የሚወጣውን ቡቃያ ነቅሎ መትከል ነው። ወይራ ከዘር ለማብቀል ያስቸግራል፣ ስለዚህ ከችግኝ ጣቢያ ይገዛል፤ በቤተ ክርስቲያን ደኖች አቅራቢያ ግን ወፍ ዘራሽ ወይራና ጽድ በየአጥሩ ሥር ይገኛል፣ ሳይነቀል ከተተወ ያድጋል። የጋራ መኖሪያ ኮሚቴዎች በግንቦት ስብሰባቸው ለጥበቃና ለጽዳት በጀት ሲይዙ ለዚህ አንድ አጀንዳ ቢጨምሩ፣ በሰኔ ጉድጓዱ ተቆፍሮ በሐምሌ መትከል ይቻላል፤ ውሃውን በየጠዋቱ የሚደፋውንም ሰው ያኔውኑ በስም መመደብ ነው።